በዕድሜ የገፋ ውሻ ከመጠለያ ስለመውሰድ፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱን ደብዳቤዎች ስለ ቡችላ ሳይሆን ስላረጁ ውሾች የሚጠይቁ ናቸው። የሚበዙት ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የተጻፉ ናቸው፤ ከአዲስ አበባም ደርሰውናል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን እንደሚከተለው መልሰናል።

«አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ በአፓርታማ እኖራለሁ። የ8 እና የ12 ዓመት ልጆች አሉኝ። በአቅራቢያችን ያለ የእንስሳት መጠለያ የ11 ዓመት ቢግል ክልስ ውሻ አሳየን። ‹መጀመሪያ ፎስተር አድርጊው፣ ከተስማማችሁ አዶፕት ታደርጊዋለሽ› አሉኝ። ልዩነቱ ምንድን ነው? የሐኪሙን ወጪስ ማን ይከፍላል?» ሰ.፣ ከቨርጂኒያ

መልስ፦ ፎስተር ሲያደርጉ ውሻው የመጠለያው እንደሆነ ይቆያል። እርስዎ ቤትና ጊዜ ይሰጣሉ፤ ሕክምናውን የሚወስነውም የሚከፍለውም መጠለያው ነው። ይህ ማለት ግን የፈለጉት ሐኪም ዘንድ ወስደው ሂሳቡን ይልካሉ ማለት አይደለም። መጠለያው ከሚሠራበት ክሊኒክ ውጭ የወጣ ገንዘብ ብዙ ጊዜ አይመለስም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠይቁት «እሑድ ሌሊት ቢታመምብኝ ለማን ነው የምደውለው?» ብለው ይሁን፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። አዶፕት ሲያደርጉ ደግሞ ውሻውም ወጪውም የእርስዎ ይሆናል። ላረጁ ውሾች የአዶፕሽን ክፍያውን የሚቀንሱ፣ ጭራሽ የሚተዉም መጠለያዎች አሉ። ይሁንና ክፍያው ከሚጠብቅዎት ወጪ ትንሹ ነው።

የ11 ዓመት ውሻ ከሆነ እኛ ቢያንስ ለአንድ ወር በፎስተር እንዲይዙት እንመክራለን። መጠለያ ውስጥ ጥግ ይዞ የሚተኛ ውሻ ጨዋ ስለሆነ ዝም ብሎ ሊሆን ይችላል፤ ፈርቶ ወይም ጉልበቱን አሞትም ሊሆን ይችላል። በብረት ፍርግርግ በኩል አይተው የትኛው እንደሆነ መለየት አይችሉም።

ከመፈረምዎ በፊት ለምን ወደ መጠለያ እንደመጣ ይጠይቁ፦ ባለቤቱ ሞቶ ነው? ቤት ቀይሮ ነው? ወይስ ሰው ነክሶ? የመጨረሻው የደምና የሽንት ምርመራ መቼ እንደተደረገ፣ ጥርሱ ታይቶ እንደሆነ፣ አሁን የሚወስደው መድኃኒት ስሙና መጠኑ ምን እንደሆነ ይጻፉ። የልብ ትል ምርመራውን ውጤት ሳይጠይቁ አይውጡ። በትንኝ የሚተላለፍ ሲሆን ሕክምናው ወራት ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ ሁሉ ሩጫና ዝላይ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ሁለት ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የኪራይ ውልዎንም ያንብቡ። አከራይ ዘንድ «ለጊዜው ነው» የሚባል ነገር የለም፤ ወርሃዊው የእንስሳ ኪራይ፣ የክብደት ገደቡና የተከለከሉ ዝርያዎች ዝርዝር በፎስተር ውሻም ላይ ይሠራሉ።

በነገራችን ላይ፣ መጠለያው በሕግ የተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከሆነ ለፎስተር ውሻ ከኪስዎ አውጥተው ያልተመለሰልዎት ገንዘብ እንደ ልገሳ ከታክስ ሊቀነስ ይችላል። የአሜሪካ የታክስ ፍርድ ቤት በ2011 ድመቶችን በፎስተር በያዘች ሴት ጉዳይ ይህንኑ ፈቅዷል። በአብዛኛው የሚጠቅመው ግን በታክስ ቅጻቸው ላይ ተቀናሽ ወጪያቸውን በዝርዝር ለሚያስመዘግቡ ነው። ወጪው 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ የድርጅቱ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ደረሰኝ አይጣሉ።

«የ13 ዓመት ትንሽ ሴት ውሻ ካመጣን አምስተኛ ቀናችን ነው። ክብደቷ 6 ኪሎ ነው። ቀን ሶፋ ሥር ገብታ ትውላለች፤ ሌሊት ቤቱን ስትዞር ታድራለች። ምንጣፍ ላይ ትሸናለች፣ ውኃም በጣም ትጠጣለች። ባለቤቴ ‹አርጅታለች፣ ምን ይደረጋል› ትላለች።» ተ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ባለቤትዎ ያሉትን በየክሊኒኩ እንሰማዋለን፤ ብዙ ውሻም ሊድን በሚችል በሽታ የሚሠቃየው በዚህ ምክንያት ነው። እርጅና ብቻውን ውሻን ውኃ አያስጠጣም፣ ምንጣፍ ላይም አያሸናም። እርስዎ ቤት ሁለት ነገር ተደባልቋል፦ አዲስ ቤት መልመድና ምናልባት በሽታ። የሚለያቸው መለኪያ ነው።

ከውኃው ይጀምሩ። ጠዋት በመለኪያ ጆግ 1 ሊትር ውኃ ያዘጋጁ፤ ሳህኗን ቀኑን ሙሉ ከዚያ ብቻ ይሙሉ፤ በማግስቱ በዚያው ሰዓት የቀረውን ይለኩ። ጤነኛ ውሻ በቀን በኪሎ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጠጣል፤ የእርስዎዋ እንግዲህ ከ300 እስከ 360 ማለት ነው። በኪሎ ከ100 ካለፈ፣ ማለትም እሷ ከ600 ሚሊ ሊትር በላይ ከጠጣች፣ ሐኪሙ ኩላሊትን፣ ስኳርን እና የኩሺንግ በሽታን (ሰውነት ኮርቲዞል የተባለ ሆርሞን ሲያበዛ የሚመጣ ነው) ይመረምራል። ውኃ ስለበዛ ብለው ግን አይከልክሏት፤ ኩላሊቷ የታመመ ከሆነ ውኃ መከልከል ይጎዳታል። ማሕፀኗ ያልወጣ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ አጣዳፊ ነው፦ ብዙ መጠጣት፣ ማስመለስ፣ ምግብ መተው ወይም ከብልቷ ፈሳሽ መታየት ማሕፀኗ መግል መቋጠሩን ሊያመለክት ይችላል። ያን ጊዜ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት።

የጠዋት የመጀመሪያ ሽንቷን ይዘው ቢሄዱ የሐኪሙን ግማሽ ሥራ ያቀሉለታል። ንጹሕ ጭልፋ ከኋላዋ ዝቅ አድርገው ያስገቡ፣ ወደ ንጹሕ ጠርሙስ ይገልብጡ፣ ፍሪጅ ያስቀምጡና በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያድርሱ። (ጭልፋው ከዚያ በኋላ ወደ ወጥ ቤት አይመለስም።)

የምትሸናው የት እንደሆነም ይመልከቱ። ነቅታ ምንጣፍ ላይ ቁጢጥ ብላ ከሸናች የፊኛ ኢንፌክሽን፣ ብዙ ውኃ ወይም በሩ የት እንደሆነ አለማወቅ ሊሆን ይችላል። የተኛችበት ረጥቦ ከተገኘ ግን ሽንት መቋጠር አቅቷት ነው፤ ማሕፀናቸው በወጣ ሴት ውሾች ላይ የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ በመድኃኒት ይስተካከላል። እስከዚያው በየ3 እና 4 ሰዓቱ፣ እንዲሁም ከእንቅልፍ ስትነቃና ከበላች በኋላ ያውጧት። ምንጣፉን ኢንዛይም ባለው ማጽጃ ያጽዱ። አሞኒያ ያለበት ማጽጃ የሽንት ሽታ ስላለው መልሶ ይጋብዛታል። መቆጣት የሚያስተምራት እርስዎ ሳያዩ መሽናትን ነው።

ሌሊት መዞሯ መነሻው ብዙ ነው፦ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የዓይንና የጆሮ መድከም፣ ወይም በሰው ከሚታየው የመርሳት በሽታ ጋር የሚመሳሰል የአንጎል መድከም። ጥግ ገብታ መውጫ ከጠፋት፣ ወይም በሩ በሚከፈትበት ሳይሆን በማጠፊያው በኩል ቆማ የምትጠብቅ ከሆነ ወደ መጨረሻው ያጋድላል። ሐኪም ዘንድ ደርሳ እንደ ቤቷ ስለማትሆን በስልክዎ ቪዲዮ ይቅረጹ። ለዚህ ሰለጂሊን የተባለ መድኃኒት አለ፤ የሚታዘዘው ግን ሕመምና የሽንት ችግር እንደሌለባት ከተረጋገጠ በኋላ ነው። በመተላለፊያው ላይ ትንሽ የሌሊት መብራት ይሰኩ፤ ዕቃ አይቀያይሩ።

ሶፋ ሥር መግባቷን ይተዉት። የመጠለያ ሠራተኞች ሦስት ቀን፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ወር ይላሉ፦ ለመረጋጋት፣ ሥርዓቱን ለመልመድ፣ ቤቴ ነው ለማለት። ያረጀ ውሻ ከዚህም ሊዘገይ ይችላል። ጎትቶ ማውጣት ንክሻ ያመጣል። ስትተኛም አይንኳት፤ ጆሮዋ ከደከመ ደንግጣ ትነክሳለች፤ ወለሉን በእግርዎ መታ አድርገው ያንቋት፣ ልጆች ካሉም ይህን መጀመሪያ ያስተምሯቸው። ምግቧ መጠለያው ይሰጣት የነበረው ይሁን። መቀየር ካስፈለገ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ እየቀላቀሉ ይቀይሩ። በዚህ ዕድሜና ክብደት ሙሉ ቀን ምንም ካልበላች ለሐኪም ይደውሉ።

አንድ ነገር እንጨምር፦ ተኝታ ሳለ ትንፋሿን ለአንድ ደቂቃ ይቁጠሩ፣ ደረቷ ወጣ ብሎ ሲገባ አንድ ነው። ከ30 በታች መሆን አለበት። በተለያዩ ቀናት ከ30 በላይ ከሆነ ልቧ ይመርመር፤ በትናንሽ ዝርያዎች የልብ ቫልቭ መድከም የተለመደ ነው።

«የ10 ዓመት ላብራዶር አለኝ። ጠዋት ሲነሳ የኋላ እግሩን ያነክሳል። የሰው አይቡፕሮፌን ግማሽ ፍሬ ብሰጠው ይጎዳዋል?» ዳ.፣ ከአትላንታ

መልስ፦ አዎ፣ ይጎዳዋል። አይስጡት። አይቡፕሮፌን በውሻ ላይ ጨጓራን ያቆስላል፣ ኩላሊትን ያደክማል፤ ናፕሮክሲንም ከዚያ አይሻልም። ፓራሲታሞልም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም። ሰጥተውት ከሆነ ምልክት እስኪታይ አይጠብቁ፤ አሜሪካ ውስጥ የእንስሳት ተከላካዩ ድርጅት የኤኤስፒሲኤ የመርዝ መረጃ መስመር 888-426-4435 ነው፣ ያስከፍላል።

ለውሻ የተሠሩ የሕመም ማስታገሻዎች አሉ፣ ካርፕሮፌንና ሜሎክሲካም የታወቁት ናቸው። ከመጀመሩ በፊት የኩላሊትና የጉበት የደም ምርመራ፣ ከተጀመረ ከ2 እስከ 4 ሳምንት በኋላ ደግሞ ድጋሚ ምርመራ ይደረጋል። ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት ለሚወስድ ውሻ አይሰጡም፤ መጠለያው ያዘዘለት መድኃኒት ካለ ለአዲሱ ሐኪም ማሳየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ለመገጣጠሚያ ሕመም በየወሩ የሚወጋው ሊብሬላ የተባለ መድኃኒት በአሜሪካ የተፈቀደው በ2023 ነው፤ ብዙ ውሻ ረድቷል፣ ነገር ግን የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በዲሴምበር 2024 ስለ ነርቭ ነክ ጉዳቶች ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ሐኪምዎ ካነሳው ይህንንም ይጠይቁት።

ክብደቱን ይቀንሱ። ከልክ በላይ የወፈረ ውሻ ከ6 በመቶ በላይ ሲቀንስ አነካከሱ በዓይን የሚታይ ለውጥ ያሳያል። ጎድን አጥንቱ በጣትዎ በቀላሉ መዳሰስ አለበት። በሚያንሸራትት ወለል ላይ የማይንሸራተት ምንጣፍ ከመኝታው እስከ ውኃው ድረስ ያንጥፉ። ጥፍሩ ወለሉን እስኪቧጭር አይደግ። 50 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላለው ሶፋ መወጣጫው 1.5 ሜትር ያህል ይርዘም፤ አጭር ከሆነ ቀጥ ይልና አይወጣበትም።

«እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ለስድስት ወር ከእኔ ጋር ትቆያለች። ውሻ ቤት ውስጥ መግባቱ አልተዋጠላትም፤ በሌላ በኩል ግን ‹ጾሙን አይደር› እያለች የራሷን እያነሳች ታጎርሰዋለች። ውሻዬ 12 ዓመቱ ነው።» ኤ.፣ ከለንደን

መልስ፦ ለእናትሽ ክብሯንም ጸሎቷንም የሚጠብቅ ወሰን አብጂላት። የመኝታ ክፍሏ በር ላይ የሕፃን መከለያ አጥር ይቁም፤ ውሻው እዚያም ወጥ ቤትም አይግባ፤ የሱ ሳህንና ፎጣ ለብቻ ይሁን። የሚያረካት «ንጹሕ ነው» የሚለው ክርክር ሳይሆን እሱ የማይደርስበት ቦታ ማግኘቷ ነው።

ማጉረሷ ግን ከባድ ጉዳይ ነው። ሽንኩርት፣ ቀይም ነጭም፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ መብሰሉ ምንም አይለውጥም። በኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም የሚሆን ሽንኩርት ለጉዳት ይበቃል፤ 10 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 150 ግራም፣ አንድ መካከለኛ ራስ ማለት ነው። ለአንድ ዶሮ 2 እና 3 ኪሎ ሽንኩርት የሚቁላላበት ወጥ ውስጥ ይህን ማግኘት ሁለት ጉርሻና እንጀራ ነው። ምልክቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ ስለሆነ ማንም ከወጡ ጋር አያያይዘውም፦ መድከም፣ ድዱ መንጣት፣ ሽንቱ መጥቆር። የቅቤው ብዛት ደግሞ ቆሽቱን ያስቆጣል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ስለሚሰነጠቅ አንጀት ይወጋል። ከቡና ጋር የሚቀርበው ቆሎ ዘቢብ ካለበት ለኩላሊቱ አደገኛ ነው፤ የቡና አተላም ካፌይን ስላለው ቅርጫቱ ይከደን። ዛይሊቶል የተባለ የስኳር ምትክ ያለበት ማስቲካ በጥቂቱም ሊገድለው ይችላል።

መከልከል ብቻ አይሠራም፤ የምትሰጠው ነገር ስጫት። ያለ ጨውና ያለ ቅመም የተቀቀለ ዶሮ ሥጋ፣ ካሮት፣ ፎሶሊያ በትንሽ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አዘጋጂና «የሱ ይኼ ነው» በያት። ዕጣን ስታጨሱ፣ ልቡ ወይም የአየር ቧንቧው የደከመ ውሻ ስለሚያስለው ሌላ ክፍል ይቆይ።

«የውጭ አገር ሰዎች ጎረቤቶቼ ወደ አገራቸው ሲመለሱ የ9 ዓመት ጀርመን ሼፐርዳቸውን ለእኔ ሊተዉልኝ ነው። ግቢዬ ሰፊ ነው፤ ጥበቃም ይሆነኛል ብዬ አስቤያለሁ።» መ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ለጥበቃ ከሆነ አይውሰዱት። በዚህ ዕድሜ ይህ ዝርያ ብዙ ጊዜ ዳሌው ያመዋል፣ ጆሮውም ሊደክም ይችላል። ጓደኛ ይሁነኝ ካሉ ግን ጥሩ ሐሳብ ነው። ጎረቤቶችዎ ከመሄዳቸው ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው እርስዎ ማብላትና ማንሸራሸር ይጀምሩ፤ የክትባት ካርዱንና የመድኃኒቱን ስም ይቀበሉ።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ያለፈበት ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይታደስ። ማንንም ቢነክስ ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ሰውየው በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ፤ ውሻው ደግሞ ለ10 ቀን ተለይቶ ይጠበቅ እንጂ አይገደል፣ አይለቀቅም። አዲስ አበባ ሰው ሁሉ ፓስተር የሚለው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በዚህ በሽታ ምርመራ የቆየ ተቋም ነው።

ከሉካንዳ ጥሬ ሳንባና ጉበት ገዝቶ መስጠት የቆየ ልማድ ነው፤ ይተዉት። በከብትና በበግ ሳንባና ጉበት ላይ የሚታየው ውኃ የቋጠረ ከረጢት በውሻ አንጀት ውስጥ ትንሽ የኮሶ ዓይነት ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ በኩሱ ይወጣና ወደ ሰው ሲገባ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ ከረጢት ይሠራል። ለዓመታት ምልክት ላያሳይ ይችላል። ሳንባና ጉበት የሚሰጡት ከሆነ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይንፈቅፈቅ። ተራው የሆድ ትል መድኃኒት ሁሉ ይህን አይገድልም፤ ሐኪሙን ፕራዚኳንተል ያለበትን ይጠይቁ።

ሰንሰለት አይሆንም። ዳሌው የታመመ ውሻ ታስሮ ሲውል ይደርቃል፣ ክርኑ ይቆስላል። ቤቱ በጡብ ላይ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከመሬት ከፍ ይበል፤ በሩ ወደ ነፋስ አይዙር፤ በክረምት ጭዱ በረጠበ ቁጥር ይቀየር። መዥገር በየሳምንቱ ጆሮው ውስጥና በጣቶቹ መካከል ይፈለግ።

«ብዙ ወጪ ሳይመጣ ኢንሹራንስ ልግባ? መቼስ ነው ‹በቃ› የሚባለው?» ከሁለት አንባብያን

መልስ፦ ኢንሹራንስ ቀድሞ የነበረ በሽታን አይሸፍንም፤ አንዳንዱ ኩባንያ ከተወሰነ ዕድሜ በላይ ያለ ውሻ አይመዘግብም፤ የሕመም ሽፋኑም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ14 ቀን ገደማ በኋላ ነው። ፋይሉ ላይ በሽታ ለተጻፈበት ያረጀ ውሻ ኢንሹራንስ ከመግባት ይልቅ በየወሩ የአረቦኑን (የኢንሹራንስ ክፍያውን) ያህል ለብቻ ማስቀመጥ የሚያዋጣበት ጊዜ ይበዛል።

ለሁለተኛው፣ የእንስሳት ካንሰር ሐኪሟ አሊስ ቪላሎቦስ ያወጡት መለኪያ ይረዳል። ሕመም፣ ምግብ፣ ውኃ፣ ንጽሕና፣ ደስታ፣ መንቀሳቀስ፣ እና ከመጥፎ ቀን ይልቅ ደኅና ቀን መብዛቱ፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 ይሰጣል። ድምሩ ከ35 በላይ ከሆነ እንክብካቤው ይቀጥላል። ቤተሰቡ አንዱ የሌላውን ሳያይ በየሳምንቱ ለየብቻ ይሙላው፤ ከውሻው ጋር የሚውለው ሰው ቁጥር ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል፣ የበለጠ የሚታመነውም እሱ ነው። ፎስተር ከሆነ ውሳኔው የመጠለያው ነው፤ እርስዎ ማስታወሻውን ይልካሉ።

«ወላጆቼ ዘንድ ያለውን የ12 ዓመት ውሻ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ማምጣት ይቻላል?» ብ.፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ ይቻላል፤ ወራት ግን ይፈልጋል። ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ባለው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) ደንብ ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ከፍተኛ ከሆነባቸው አገሮች አንዷ ናት። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ ማይክሮቺፕ (ከቆዳው ሥር የሚቀበር መለያ)፣ ከዚያ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት። ክትባቱ ከቺፑ ቀድሞ ከተሰጠ አይቆጠርም፣ እንደገና ይጀመራል። ከመጀመሪያው ክትባት ቢያንስ ከ30 ቀን በኋላ፣ ወደ አሜሪካ ከመግባቱ ቢያንስ 28 ቀን በፊት ክትባቱ መሥራቱን ለማየት ደም ተቀድቶ ሲዲሲ ወደተቀበለው ላቦራቶሪ ይላካል። የክትባቱን ቅጽ የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ያጸድቀዋል። የሚያርፍበት ኤርፖርት ሲዲሲ የመዘገበው የእንስሳት ማቆያ ያለበት መሆን አለበት፤ የዋሽንግተኑ ዱለስ ኤርፖርት ከእነዚህ አንዱ ነው። ማቆያው ዘንድ ቀድመው ቀጠሮ ይያዙ። የደም ምርመራው ከሌለ በእርስዎ ወጪ 28 ቀን ይቆያል። ይህን ሁሉ ከመጀመርዎ በፊት ግን ሐኪም ልቡንና ሳንባውን አዳምጦ በረራውን ይችላል ወይ ብለው ይጠይቁ፤ አይችልም ከተባለ ገንዘቡን ለአዲስ አበባ ሐኪሙና ለምግቡ ይላኩለት።